ጭልፊት ጓሮ ሲለምድ፦ ችግርና መፍትሄ

በሱሉልታ፣ በለገጣፎ፣ በቡራዩና በሰበታ ግቢዎች ዶሮ ሲጎድል ጥፋቱ ወዲያው በጭልፊት ላይ ይጣላል። ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ስለዚህ መረብ ከመግዛታችሁ በፊት በቦታው የቀረውን ተመልከቱ።

ጫጩት በቀን ጠፋ፤ ደምም ላባም የለም

ይህ ቢጫ መንቆር ያለው ቡናማው ጭልፊት ነው። ጅራቱ ጫፉ ላይ የተሰነጠቀ ነው፤ ሲያንዣብብ ወዲያና ወዲህ ያጣምመዋል። ጫጩት ሲያድን መሬት ማረፍ አያስፈልገውም፤ ተወርውሮ በጥፍሩ ይዞ ይሄዳል።

የሚስበው ጫጩቱ ብቻ አይደለም። ለበዓል የታረደ ዶሮ አንጀትና ላባ ሜዳ ላይ ከተጣለ ለዚያ ብሎ ይመጣል፣ ከዚያ ጫጩቱን ያያል። ተረፈ እርዱን በዕለቱ ግማሽ ሜትር በሚጠልቅ ጉድጓድ ቅበሩ፤ ውሻ እንዳያወጣው ድንጋይ ጫኑበት።

ጫጩቶቹን እስከ 8 ሳምንት ድረስ ጣሪያ ባለው ቦታ አቆዩ። ለአንድ እናት ዶሮና ለ10 ጫጩት 1 በ2 ሜትር የሆነ የአጣና ሳጥን ይበቃል፤ ጎኑና ላዩ በወንፊት ሽቦ ይሸፈን፣ አንዱ ጥግ ለዝናብና ለፀሐይ ቆርቆሮ ይደረግበት። ታቹ ክፍት ስለሆነ ሣሩ ሲያልቅ ለሁለት ሆናችሁ ታዛውሩታላችሁ። ማታ ግን ወደ ቤታቸው ይግቡ።

ሰፊ ግቢ በመረብ የምትሸፍኑ ከሆነ ቀዳዳው ከ5 ሳ.ሜ. አይብለጥ፣ መረቡም በደንብ ይወጠር። የላላ መረብ ትናንሽ ወፎችን ጠልፎ ይገድላል፤ በክረምት ደግሞ በረዶ ይጠራቀምበትና ይዘረግፈዋል። መሃሉን በምሰሶ ከፍ አድርጋችሁ ወደ ጎን እንዲያዘቀዝቅ አድርጉት።

ላባ አንድ ቦታ ተከምሯል፤ የእርግቧ ደረት ተበልቷል

ዛፍ ውስጥ አድፍጦ ዝቅ ብሎ የሚወረወረው ሌላው የጭልፊት ዘር ነው። ላባውን አንስታችሁ እዩ፦ ከነሥሩ ከተነቀለ አዳኙ ወፍ ነው፤ ተቆርጦና ታኝኮ ከሆነ ድመት ወይም ሸለምጥማጥ ነው። እርግቦቹን ለሁለት ሳምንት ያህል ዘግታችሁ መግቡ፤ የለመደው ጭልፊት ምግብ ሲያጣ ሌላ ቦታ ይፈልጋል። ለጓሮ ወፎች እህል የምትበትኑትም እስከዚያ አቁሙ።

ከዚያ በኋላ የወፎቹን የውኃ ሳህን ጥቅጥቅ ካለ ቀጋ ወይም አጋም 2 እስከ 3 ሜትር አርቁት። ከዚህ ከራቀ ወፎቹ ለመሸሽ አይደርሱም፤ ከቁጥቋጦው ሥር ከሆነ ደግሞ ድመት ትደበቅበታለች።

በአንድ ሌሊት ብዙ ዶሮ ሞቶ ተገኘ

ጭልፊት በቀን እንጂ በሌሊት አያድንም። ሸለምጥማጥን ወይም ድመትን ጠርጥሩ፤ በሩን በመቀርቀሪያ ዝጉ፣ ከ2.5 ሳ.ሜ. የሚበልጥ ክፍተትን ሁሉ በሽቦ ድፈኑ።

ሲዲ ሰቅለናል፤ ግን መምጣቱን አልተወም

ማስፈራሪያ አንድ ቦታ ከቆየ ይለመዳል። በየ2 ወይም 3 ቀኑ ቦታውን ለውጡ፤ ያም ሆኖ ጣሪያው እስኪሠራ ድረስ ብቻ ነው የሚጠቅመው። ይበልጥ የሚታመነው የዶሮዎቹ ጆሮና ዓይን ነው። እናት ዶሮ አንገቷን ጋደል አድርጋ በአንድ ዓይኗ ሰማዩን ካየች አደጋው ከላይ ነው። አውራ ዶሮም ለሰማይ ጠላት ረዘም ያለ ቀጭን ድምፅ ያሰማል፤ ለምድር ጠላት ግን ደጋግሞ ይጮኻል።

መርዝ እናድርግ?

በፍጹም። የዱር እንስሳን ያለፈቃድ መግደል በሕግ የተከለከለ ነው። የአይጥ መርዝም ቢሆን ተጠንቀቁበት። ስልክ እንጨት ላይ የሚቀመጠው፣ ደረቱ ነጭ ጅራቱ ቀይ ዳማ የሆነው ትልቅ ወፍ በብዛት የሚበላው አይጥና ፍልፈል ነው፤ የተመረዘች አይጥ ከበላ አብሮ ይሞታል፣ አይጡም ይበዛባችኋል። አይጥ ካስቸገራችሁ ወጥመድ ተጠቀሙ፣ የዶሮውንም መኖ ክዳን ባለው በርሜል አስቀምጡ።