ቾሰርን በራሱ ዘመን እንግሊዝኛ ለማንበብ

የ14ኛውን ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ ገጣሚ ጄፍሪ ቾሰርን በዘመናዊ እንግሊዝኛ ያነበበ ሰው ታሪኩን ያገኛል፤ ዜማው ግን ያመልጠዋል። በ1400 (እ.ኤ.አ.) ሲሞት ሳይጨርሰው የቀረው «የካንተርበሪ ተረቶች»፣ ወደ ካንተርበሪ የሚጓዙ ተሳላሚዎች የሚተርኩት የተረት ስብስብ፣ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ነው ነፍስ የሚዘራው። ስለዚህ ከመዝገበ ቃላት በፊት ጆሮን ማለማመድ ይቀድማል።

ዛሬ የማይነበቡ ፊደላት ያኔ ይነበቡ ነበር። አሁን «ናይት» የሚባለው ፈረሰኛ «ክኒኽት» ነበር፤ ክም ኽም ይሰማሉ። «ታይም» «ቲመ»፣ «ኔም» ደግሞ «ናመ» ይባል ነበር። በቃል መጨረሻ ያለችው ደካማ አናባቢ ከአማርኛው ግዕዝ ድምፅ ጋር ስለምትቀራረብ፣ ስንኙን በፊደላችን መገልበጥ በጣም ይረዳል። የመግቢያው የመጀመሪያ ስንኝ እንዲህ ይሆናል፦

ኋን ዛት አፕሪለ ዊዝ ሂስ ሹረስ ሶተ

አፕሪል በጣፋጭ ካፊያው ሲመጣ ማለት ነው። በጣት ቢቆጠር 11 ቀለም አለው፤ አሥሩ የስንኙ ምት ሲሆኑ የመጨረሻዋ «ተ» ላልታ የምትቀር ጭማሪ ናት። «አፕሪል» እና «ሶት» ብሎ የቆረጠ አንባቢ ሁለት ቀለም ስለሚያጎድል ግጥሙ ያነክስበታል። በተቃራኒው፣ ቀጣዩ ቃል በአናባቢ ከጀመረ ያቺ ድምፅ ትዋጣለች፤ በሁለተኛው ስንኝ ድርቅን የሚገልጸው «ድሩኽተ» ከ«ኦፍ» ሲገናኝ «ድሩኽት ኦፍ» ይሆናል። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያዎቹ 18 ስንኞች አንድ ዐረፍተ ነገር ናቸው። ትርጉም ሳይፈለግ ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ከዚያ የግርጌ ፍቺውን ማየት ይሻላል። የሚያታልሉት የሚታወቁ የሚመስሉ ቃላት ናቸው፦ «ናይስ» ያኔ ሞኝ ማለት ነበር፤ «ዉድ» ደግሞ ከእንጨት ሌላ እብድም ማለት ነው።

ከመግቢያው ቀጥሎ ያለው የፈረሰኛው ተረት ከ2,200 ስንኝ በላይ ስለሆነ ብዙዎችን ያሰለቻል። ዘሎ ወደ ይቅርታ ሻጩ፣ የኃጢአት ስርየት ደብዳቤ እየሸጠ ወደሚኖረው ተሳላሚ፣ ተረት መሄድ ይቻላል፦ ሦስት ሰካራሞች ሞትን ሊገድሉ ወጥተው ከዛፍ ሥር የወርቅ ክምር ያገኛሉ፤ ከዚያ እርስ በርስ ይጨራረሳሉ። የይቅርታ ሻጩ ስብከት መነሻ አማርኛ አንባቢ የሚያውቀው «ገንዘብን መውደድ የክፋት ሁሉ ሥር ነው» የሚለው ቃል ነው።

በመግቢያው ለተሳላሚዎቹ የቀረበውን ውዳሴ ግን እንዳለ መቀበል አያስፈልግም። ተራኪው ከገዳም ይልቅ አደን የሚወደውን መነኩሴ «ሐሳቡ ልክ ነው» ይለዋል፤ ይህ ሰሙ ነው። የነጋዴውን ኩራትና ጥሩ ጫማ ከዘረዘረ በኋላም ዕዳ እንዳለበት ማንም አላወቀም ይላል። ቾሰር ከ1374 ጀምሮ በለንደን ወደብ የሱፍ ቀረጥ ተቆጣጣሪ ነበርና የነጋዴን ሒሳብ ከቅርብ ያውቀዋል።