ኢንሱሊን የሚወስድ ልጅ አጥንቱ እንዲጠነክር ወላጅ ምን ያድርግ?

አንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆች ስለ ዓይን፣ ስለ ኩላሊትና ስለ እግር ይጨነቃሉ። ስለ አጥንት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚገለገልበትን የአጥንት ጥሪት አብዛኛውን የሚያከማቸው እስከ 20 ዓመቱ ገደማ ነው።

በመጀመሪያ፣ ከወተቱም ይልቅ ቅድሚያ ለኢንሱሊኑ ስጡ። የደም ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ሲል አጥንት ገንቢ ሕዋሳት ይዳከማሉ፤ ከስኳሩ ጋር ካልሲየምም በሽንት ይወጣል። ኢንሱሊን ራሱ አጥንትን ይገነባል። ስለዚህ መርፌው አይቋረጥ። ፀበል የምትሄዱም ኢንሱሊኑንና የስኳር መለኪያውን ይዛችሁ ሂዱ፤ እምነትና መድኃኒት አይጣሉም።

ቀጥሎ ምግቡን አስተካክሉ። ከ4 እስከ 8 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 1000 ሚሊግራም፣ ከ9 እስከ 18 ያለ ደግሞ 1300 ሚሊግራም ካልሲየም ያስፈልገዋል። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ያህል ይሰጣል፤ በውስጡ ስኳር ስላለ ግን ከኢንሱሊኑ መጠን ጋር ይታሰብ። ወተት በማይቀርብበት የጾም ወቅት ጎመን፣ ሰሊጥና የጤፍ እንጀራ ይረዳሉ። ኢንሱሊን የወሰደ ልጅ የምግብ ሰዓት መዝለሉ ግን አደገኛ ነው፤ ስለ ጾሙ አስቀድማችሁ ሐኪሙን አማክሩ።

ፀሐይ አሳዩት። አዲስ አበባ ፀሐይ አልጠፋባትም። ልጆቻችን ግን ከኮንዶሚኒየም ወደ ታክሲ፣ ከታክሲ ወደ ክፍል ይገባሉ። ካልሲየም ከምግብ ወደ ሰውነት እንዲገባ የሚረዳውን ቫይታሚን ዲ በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባ ፀሐይ አያስገኝም። ሐኪሙ እጥረት መኖሩን በደም ምርመራ ያረጋግጥ እንጂ ቫይታሚኑን ከመድኃኒት ቤት በራሳችሁ ግምት ገዝታችሁ አትስጡት።

ከሁሉም አብልጬ የምለምናችሁ ይህን ነው፦ አዝልሉት። "ታማሚ ነው" እየተባለ ከጨዋታ የሚከለከል ልጅ ያሳዝነኛል። አጥንት የሚጠነክረው የሰውነት ክብደት ሲያርፍበት ነው። ገመድ ዝላይ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ በጃን ሜዳ ኳስ፣ እሑድ ጠዋት በመስቀል አደባባይ ሩጫ፣ ሁሉም ይጠቅማሉ። ዋና ለልብ ጥሩ ቢሆንም ለአጥንት የዝላይን ያህል አይሠራም። በየቀኑ 60 ደቂቃ ይንቀሳቀስ፤ ቢያንስ በሳምንት ሦስት ቀን ዝላይ ወይም ሩጫ ይኑርበት።

ከመጫወቱ በፊት ስኳሩን ለኩት። ከ90 (በሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ከሆነ መጀመሪያ ሙዝ ወይም ሌላ ጣፋጭ ነገር ይብላ። ከ250 በላይ ከሆነ ኪቶን (ኢንሱሊን ሲያንስ ሰውነት ስብ በማቃጠሉ የሚፈጠር አሲድ) በሽንት ወይም በደም ይታይ፤ ኪቶን ከተገኘበት አይሩጥ። ከረሜላ ከኪሱ አይለይ፤ ስኳር ወርዶበት ቢያዞረው ወድቆ የሚሰበረው ያው አጥንት ነው። የስፖርት መምህሩም ይህን ማወቅ አለበት። ብዙ ከተጫወተ ሌሊት ሊወርድበት ስለሚችል ከመኝታ በፊት ስኳሩን ደግማችሁ ለኩት።

ሆዱንም ልብ በሉ። ሴልያክ የሚባለው፣ በስንዴና በገብስ ውስጥ ባለ ግሉተን በተባለ ፕሮቲን የሚነሣ ሕመም በእነዚህ ልጆች ላይ ከሌሎች ይልቅ ይበዛል፤ ካልሲየም ከአንጀት እንዳይገባም ያግዳል። ቁመቱ ከቆመ፣ ሆዱ ከተነፋ ወይም ተቅማጥ ከተመላለሰበት አስመርምሩት። ከምርመራው በፊት ስንዴ አታቋርጡ፤ ውጤቱን ያዛባል። ሕመሙ ከተረጋገጠ ጤፍ ይብላ፤ ግሉተን የለውም፤ የገበያ እንጀራ ግን ገብስ ሊቀላቀልበት ስለሚችል ቤት ውስጥ ጋግሩ።

በቀላል አወዳደቅ ከተሰበረ፣ የቆየ የጀርባ ሕመም ካስለቀሰው ወይም ጉርምስናው ከዘገየ ቀጠሮውን አትጠብቁ። ስኳሩን በምትመዘግቡበት ደብተር የስብራቱን ቀንና አወዳደቁንም ጻፉበት፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።