ከታቀፈች ዶሮ ሥር ሽታ ሲመጣ፦ ችግርና መፍትሄ

ዶሮዋ ከታቀፈች ሳምንት ሲያልፍ ጎጆዋ ከሸተተ ብዙ ሰው «አውራ ያላገኘው እንቁላል ነው» ይላል። አይደለም። ያልዳበረ እንቁላል ንጹሕ ከሆነ ሦስቱንም ሳምንት ሳይገማ ሊቆይ ይችላል። የሚገማው ባክቴሪያ የገባበት ነው፤ ጽንስ ኖረውም አልኖረው።

የዳበረና ያልዳበረ እንቁላል ሽታቸው እንደሚለያይ በድርጭት እንቁላል ላይ ተሠርቶ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳይቷል። የለየው ግን መሣሪያ እንጂ የሰው አፍንጫ አይደለም። አፍንጫችሁ ግማቱን ይንገራችሁ፤ ጽንሱን በብርሃን እዩ።

ግማት፣ ቅርፊቱም ላብ ሲያወጣ
ቅርፊቱ ተሰንጥቋል፣ ኩስ ነክቶታል ወይም በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቧል። በቀዝቃዛ ውኃ ሲታጠብ ውስጡ ይኮማተርና ቆሻሻውን በቀዳዳዎቹ ወደ ውስጥ ይስባል። ሳትነቀንቁ አውጡት፤ ውስጡ ጋዝ ስላለ ሊፈነዳ ይችላል። ቅበሩት፣ ገለባውንም ቀይሩ። ለሚቀጥለው ዙር ንጹሕ እንቁላል ምረጡ፤ ትንሽ የቆሸሸውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ እንጂ አትጠቡ።

የነዳጅ ሽታ
ከገበያ ሲመጣ ከነጭ ጋዝ ጋር ተጭኗል። ቅባቱ የቅርፊቱን ቀዳዳ ስለሚደፍን ጽንሱ ይታፈናል። እንዲህ ያለውን አታስታቅፉ።

ሽታ የለም፣ ጫጩትም የለም
በ7ኛው ቀን ማታ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ካርቶን በእንቁላሉ ልክ ሳይሆን ትንሽ አሳንሳችሁ ብሱ። የስልክ መብራት ከሥር አብሩ፣ ሰፊውን ጫፍ ቀዳዳው ላይ አድርጉ። የሸረሪት ድር የመሰለ ደም ሥር ካያችሁ ጽንሱ ሕያው ነው፤ መልሱት። ቀይ ቀለበት ብቻ ከታየ ሞቷል። ጥርት ብሎ የአስኳል ጥላ ብቻ ካለው አልዳበረም፣ ወይም ገና በመጀመሪያው ቀን ሞቷል።

ጥርት ያለው ከበዛ አውራውን ተመልከቱ፤ ለ10 ሴት ዶሮ አንድ ብርቱ አውራ ይበቃል። ከእንቁላል ጣይ እርባታ የመጣ የፈረንጅ እንቁላል ግን አውራ ስለማይገባበት አይፈለፈልም፤ ገንዘብ አታባክኑ። የሀበሻውም ቢሆን ከገበያ ሲገዛ ዕድሜው አይታወቅም፤ ከ7 ቀን ያለፈው እየደከመ ይሄዳል።

ቀይ ቀለበት ከበዛ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ብርድ ወይም ከመጠን ያለፈ ሙቀት ነው። ከማስታቀፋችሁ በፊት እንቁላሉን ከምድጃ አጠገብ አታስቀምጡ፤ ጽንሱ ይጀምርና ሲቀዘቅዝ ይሞታል። ደብረ ማርቆስን በመሰለ ደጋ ጎጆው ከበር ርቆ ቤት ውስጥ ይሁን። የሀበሻ ዶሮ ከ10 እስከ 12 እንቁላል ነው በደንብ የምትሸፍነው፤ ሲበዛባት ዳር ያለው ይበርደዋል።

በ14ኛው ቀን በብርሃን ማየቱን አንዴ ድገሙት። ከ18ኛው ቀን በኋላ እንቁላሉን አትንኩ።