የጥንቱን ፍሊትዉድ ማክ ላይቭ እንዴት እናዳምጥ?

ፍሊትዉድ ማክ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ኋላ አሜሪካ ሄዶ ዓለምን ያዳረሰውን የፖፕ ባንድ ነው። የኔ ወሬ ግን ስለ ፊተኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ጊታሪስቱ ፒተር ግሪን ለንደን ውስጥ ስላቋቋመው የብሉዝ ባንድ።

ከቦስተን ጀምሩ። በፌብሩዋሪ 1970 ቦስተን ቲ ፓርቲ በሚባል ክለብ ለሦስት ምሽት ተጫውተው፣ ሥራው ተቀድቷል። ግሪን በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ባንዱን ለቆ ወጣ።

መጀመሪያ የስቱዲዮውን «ራትልስኔክ ሼክ» ስሙ። አራት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ከዚያ የቦስተኑን ክፈቱ፤ ከ20 ደቂቃ በላይ ነው። በስልክ ስፒከር ግን አደራ፣ ቤዙ ይጠፋባችኋል። በመጀመሪያው ዙር ምንም ሳትመራመሩ ስሙት። በሁለተኛው ጆሯችሁን ለጆን ማክቪ ቤዝና ለሚክ ፍሊትዉድ ከበሮ ብቻ ስጡ። ጊታሮቹ እንዳሻቸው የሚዞሩት እነዚህ ሁለቱ ምቱን ስለሚጠብቁ ነው።

ቀጥሎ ጊታሪስቶቹን ለዩ። ሦስት ናቸው። ጄረሚ ስፔንሰር ስላይድ የሚባለውን ጣት ላይ የሚጠለቅ ቱቦ በክሩ ላይ እያንሸራተተ ይጫወታል፤ የአሜሪካዊው የብሉዝ ጊታሪስት የኤልሞር ጀምስ ነገር አለበት። በ1968 የገባው ወጣቱ ዳኒ ከርዋን የጊታሩን ድምፅ ያንቀጠቅጠዋል። ግሪን ቁጥብ ነው። የሱ ሌስ ፖል ጊታር አንዱ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት የሚቀበለው ክፍል) ማግኔቱ ስለተገለበጠ፣ ሁለቱ ፒክአፖች አንድ ላይ ሲበሩ ቀጠን ያለ፣ በአፍንጫ የሚወጣ የሚመስል ድምፅ ይሰጣል። አንዴ ከለያችሁት አይጠፋችሁም።

አሁን ወደ ዝግተኛው «ጃምፒንግ አት ሻዶውስ» እለፉ። ግሪን አንድ ስንኝ ይዘፍንና ይተወዋል፤ ጊታሩ ይቀበለዋል። አዝማሪና ማሲንቆው በሉት። እዚህ ላይ ኖታዎቹን ሳይሆን በመሀል ዝም የሚልበትን ጠብቁ። ሌላ ጊታሪስት ቢሆን በድምፅ የሚሞላውን ቦታ እሱ ባዶ ይተወዋል፤ እኔን የያዘኝም ይሄው ነው።

«ግሪን ማናሊሺ»ን ስትሰሙ ደግሞ ዘፈኑ ያኔ ገና በሸክላ እንዳልወጣ አስቡ። ክለቡ ውስጥ ያለው ሰው የሚሰማው አዲስ ነገር ነው።

የስፔንሰርን የድሮ ሮክ ኤንድ ሮል ቀልድ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንዳንዴ እዘለዋለሁ። እናንተ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ስሙት። ከዚያ ሁሉ ትካዜ በኋላ ሕዝቡ ምን ያህል እንደሚፈነድቅ ትሰማላችሁ።