ሁለተኛው ሞኒተር እምቢ ሲል

ሞኒተሩ መብራቱን፣ ኬብሉም ጠብቆ መሰካቱን አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

"ኖ ሲግናል" ይላል፣ ዊንዶውስም ጭራሽ አላየውም

ደጋግሞ የሚገጥመኝ ይሄ ነው። ኬብሉን እዩት። ምስል ወደ ሞኒተር የሚያሻግሩ ሁለት ዓይነት መሰኪያዎች አሉ፤ ዲስፕሌይፖርትና ኤችዲኤምአይ። አንዱ ጫፍ ዲስፕሌይፖርት፣ ሌላው ኤችዲኤምአይ ከሆነ ጥፋተኛው ተገኝቷል ማለት ይቻላል። ሰው ሁለቱም ጫፍ ቦታው ላይ ከገባ ይሠራል ብሎ ያስባል። አይሠራም! ይህ ኬብል የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ዲስፕሌይፖርቱ ኮምፒውተሩ ላይ፣ ኤችዲኤምአዩ ሞኒተሩ ላይ ይሰካል። የአብዛኞቹ ግራፊክስ ካርዶች (ምስሉን የሚያወጣው የኮምፒውተሩ ክፍል) ዲስፕሌይፖርት የኤችዲኤምአይ ሲግናል ማውጣት ይችላል። ኤችዲኤምአይ ግን የዲስፕሌይፖርት ሲግናል ማውጣት አይችልም። ስለዚህ ተገልብጦ ከተሰካ ስክሪኑ ጨለማ ነው።

አንድ ወዳጄ በዚህ የተነሳ ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ሦስት ጊዜ አጥፍቶ ጫነ። አልሆን ሲለው ኮምፒውተሩን ፎርማት አደረገ። እኔ የደረስኩት ሞኒተሩን ሊመልስ ካርቶን ውስጥ ሲከት ነው። ሁለቱም ጫፉ ኤችዲኤምአይ የሆነ ኬብል ስሰካለት ወዲያው በራ። ሌላ ሰው ደግሞ "ተበላሽቷል" እያለ ያንኑ ዓይነት ኬብል ሦስቴ ገዝቷል። አቅጣጫውን ኬብሉ ላይ የማይጽፉ አምራቾች በጣም ያናድዱኛል። አንድ ቀስት ማተም ምን ይከብዳል?

መፍትሄው፦ ሁለቱም ጫፉ አንድ ዓይነት የሆነ ኬብል ተጠቀሙ። ኮምፒውተሩ ላይ የቀረው ኤችዲኤምአይ፣ ሞኒተሩ ላይ ያለው ዲስፕሌይፖርት ብቻ ከሆነ "ከኤችዲኤምአይ ወደ ዲስፕሌይፖርት" የሚል መቀየሪያ ያስፈልጋል። ትክክለኛው ብዙ ጊዜ ከዩኤስቢ ኃይል የሚወስድበት ገመድ አለው። ያለ እሱ በርካሽ የሚሸጠውን ተጠራጠሩ።

አንዱ ይሠራል፣ ማዘርቦርዱ ላይ የተሰካው አይሠራም

ግራፊክስ ካርድ ሲገባ ብዙ ማዘርቦርዶች (የኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) የራሳቸውን መሰኪያ ያጠፋሉ። ሁለቱንም ካርዱ ላይ ሰኩ። ካርዱ ላይ ቦታ ሳያልቅ ባዮስን (የማዘርቦርዱን የውስጥ ሴቲንግ) አትነካኩ።

4ኬ ሞኒተር ላይ ማውሱ ይንቀራፈፋል

ሴቲንግ ውስጥ 30 ኸርዝ (ስክሪኑ በሰከንድ 30 ጊዜ ይታደሳል ማለት ነው) ይል ይሆናል። ኤችዲኤምአይ 1.4 4ኬን ከዚያ በላይ አያስኬድም። ለ60 ኸርዝ ዲስፕሌይፖርት ወይም ኤችዲኤምአይ 2.0 ያስፈልጋል።

ማውሱ ወደ ሁለተኛው ስክሪን አይሻገርም

ዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ሳጥኖቹን እንደ ጠረጴዛችሁ አቀማመጥ ጎትታችሁ ደርድሩ።

አደራ፣ ብዙ የዲስፕሌይፖርት ኬብሎች ቁልፍ አላቸው። ቁልፉን ሳትጫኑ አትጎትቱ። መሰኪያውን ከካርዱ ገንጥሎ ያመጣልኝ ሰው አለ፤ ያን ካርድ ማዳን አልቻልኩም።