በእንግሊዝ ከተማ መሃል የቀጥታ ሙዚቃ ቤት ፈቃድ እንዴት ይወጣል?

በእንግሊዝና በዌልስ ምግብ ቤት የከፈቱ ወገኖች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ «ማሲንቆና ክራር ለማስገባት ፈቃድ ያስፈልገኛል ወይ?» የሚል ነው። መልሱ የሚወሰነው በሰዓቱ፣ በታዳሚው ብዛትና ቤቱ መጠጥ ለመሸጥ ባለው ፈቃድ ነው። በ2012 ሥራ ላይ የዋለውና በ2015 የተሻሻለው የቀጥታ ሙዚቃ ሕግ (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ መጠጥ እዚያው ለመጠጣት እንዲሸጥ የተፈቀደለት ቤት ለሽያጭ ክፍት በሆነበት ጊዜ፣ ታዳሚው ከ500 እስካልበለጠ ድረስ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት በድምፅ ማጉያ የታገዘ ሙዚቃ ያለ ተጨማሪ የሙዚቃ ፈቃድ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ያለ ማጉያ የሚጫወት አዝማሪ በእነዚሁ ሰዓታት የታዳሚ ቁጥር ገደብ የለበትም። በፈቃድ ማመልከቻው ቅጽ ላይ የሚሞላው ሰዓት ግን 23:00 ተብሎ እንጂ 5 ሰዓት ተብሎ ስላልሆነ፣ በሐበሻ ሰዓት እያሰቡ ከመሙላት መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

የእኛ ሰው የሚሞቀው ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ስለዚህ መጠጥ ለመሸጥ፣ ከ23:00 በኋላ ሙዚቃ ለማቅረብ፣ እንዲሁም ከ23:00 እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ትኩስ ምግብ ወይም ሻይ ቡና ለመሸጥ፣ በ2003 የፈቃድ ሕግ መሠረት ከአካባቢው ካውንስል (ከአካባቢው አስተዳደር) የቤት ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው። ሦስቱም በአንድ ማመልከቻ ይጠየቃሉ። ትኩስ ምግብ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ብዙዎች ስለማያውቁ፣ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ጥብስ እያቀረቡ ሳያስቡት ሕግ ይተላለፋሉ። መጠጥ የሚሸጥ ቤት በተጨማሪ የግል ፈቃድ ያለው ኃላፊ ሊኖረው ይገባል፤ ይህንን ፈቃድ ለማግኘት አጭር ሥልጠና ወስዶ ፈተና ማለፍ፣ በአገሪቱ የመሥራት መብት ማሳየትና 37 ፓውንድ መክፈል ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቤቱ ለምን አገልግሎት እንደተፈቀደ ከካውንስሉ የፕላን ክፍል መጠየቅ ይገባል። በእንግሊዝ ከ2020 ወዲህ የቀጥታ ሙዚቃ ቤት ከምግብ ቤት የተለየ የአጠቃቀም ዓይነት ስለሆነ፣ ሙዚቃው ከምግቡ በልጦ የቤቱ ዋና ሥራ የሚሆን ከሆነ የመጠጥና የሙዚቃ ፈቃድ ማግኘት ብቻውን አይበቃም። የኪራይ ውሉም እንዲሁ መነበብ አለበት።

የማመልከቻው ክፍያ በቤቱ የግብር ትመና መሠረት አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 635 ፓውንድ ይደርሳል። ከማመልከቻው ጋር መድረኩን፣ መውጫ በሮችንና የእሳት ማጥፊያዎችን የሚያሳይ የቤቱ ፕላን ይያያዛል። ማመልከቻው ከገባበት ማግስት ጀምሮ ለ28 ተከታታይ ቀናት በሰማያዊ ወረቀት ላይ በጉልህ የተጻፈ ማስታወቂያ አላፊ አግዳሚው ሊያነበው በሚችልበት ቦታ ይለጠፋል፤ በአካባቢው ጋዜጣም በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ አንድ ጊዜ ይወጣል። ወረቀቱ በዝናብ ረጥቦ ከወደቀ ወይም ቀለሙ ነጭ ከሆነ የ28 ቀኑ ቆጠራ እንደገና ሊጀመር ስለሚችል፣ በየጠዋቱ በስልክ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥን አጥብቄ እመክራለሁ።

ትልቁ ሥራ ቤቱ እንዴት እንደሚመራ በሚገለጽበት የማመልከቻው ክፍል ላይ ነው። ካውንስሉ የሚመዝነው አራት ነገር ነው፤ ወንጀልን መከላከል፣ የሕዝብ ደኅንነት፣ የአካባቢውን ሰላም አለመንሳትና ሕፃናትን ከጉዳት መጠበቅ ናቸው። አመልካቹ እዚህ ላይ የሚጽፈው እያንዳንዱ ቃል ኋላ የፈቃዱ ግዴታ ይሆናል። እኔ የመጀመሪያውን ማመልከቻ ስሞላ አንድ አማካሪ «ከ23:00 በኋላ በርና መስኮት በሙሉ ይዘጋል» ብዬ እንድጽፍ መከረኝ፤ ጻፍኩም። ሐምሌ ሲደርስ ማቀዝቀዣ በሌለው ክፍል ውስጥ 80 ሰው እስክስታ ሲመታ፣ አንድ መስኮት መክፈት ሕግ መጣስ ሆነብን። የፈቃድን ግዴታ መጣስ እስከ 6 ወር እስራትና ገደብ የሌለው መቀጫ ሊያስከትል የሚችል ወንጀል ነው። ስለዚህ የምንችለውን ብቻ፣ በምንችለው ልክ መጻፍ አለብን።

ጎረቤትን ማነጋገር የሚገባውም ሰማያዊው ወረቀት ከመለጠፉ በፊት ነው። እኔ በላያችን የሚኖሩትን ባልና ሚስት ቡና ጋብዤ፣ የሙዚቃ ባንዱ ከታች እየተጫወተ እነርሱ መኝታ ቤት ገብቼ አዳመጥኩ። የዘፋኙ ድምፅ ጭራሽ አይሰማም ነበር፤ ኮመዲኖው ላይ ያለው የውሃ ብርጭቆ ግን በከበሮውና በቤዙ ምት ይርገበገብ ነበር። ያስቸገረው ጩኸቱ ሳይሆን በግድግዳው በኩል የሚወጣው ወፍራም ድምፅ መሆኑን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ስፒከሮቹን ከግድግዳው አንስተን በወፍራም ጎማ ላይ አስቀመጥናቸው፤ ድምፁን በተወሰነ መጠን የሚገታ መሣሪያም አስገጠምን፤ ይህንኑ በማመልከቻው ጻፍን። ተቃውሞ ካልቀረበ ፈቃዱ በተጠየቀው መሠረት ይሰጣል። ተቃውሞ ከቀረበና ካልተነሳ ግን የ28 ቀኑ ጊዜ ካለቀ በኋላ በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ የካውንስሉ አባላት ጉዳዩን ይሰማሉ፤ በውሳኔው ቅር የተሰኘ ወገን በ21 ቀን ውስጥ ለማጅስትሬት ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል።

ገና ለሚሞክር ሰው የጊዜያዊ ዝግጅት ማሳወቂያ ለካውንስሉ ማስገባት የተሻለ መጀመሪያ ነው። ለእንቁጣጣሽ ወይም ለገና አንድ ሌሊት ማዘጋጀት የፈለገ ሰው ቢያንስ ከ10 ሙሉ የሥራ ቀናት በፊት 21 ፓውንድ ከፍሎ ለካውንስሉ ያሳውቃል፤ ሠራተኛው ጭምር ተቆጥሮ ግን ከ499 ሰው መብለጥ የለበትም። መቃወም የሚችሉት ፖሊስና የካውንስሉ የአካባቢ ጤና ክፍል ብቻ ናቸው። ያለ ችግር ያለፈ አንድ ሌሊት ለዋናው ማመልከቻ ጥሩ ምስክር ነው።

የካውንስሉ ፈቃድ የዜማና የግጥም ባለቤቶችን ክፍያ አይሸፍንም፤ ለዚያ ፒፒኤል ፒአርኤስ ከተባለው ድርጅት የሙዚቃ ፈቃድ ለብቻው ይገዛል። በር ላይ የሚቆሙ ጥበቃዎችም በመንግሥት የተመዘገቡ መሆን አለባቸው። ፈቃዱ ሲመጣ ማጠቃለያው ደንበኛ በሚያየው ቦታ ይሰቀላል፣ ዓመታዊው ክፍያም በቀኑ ይከፈላል፤ ካልተከፈለ ፈቃዱ ይታገዳል። እኛ ቤት የግዴታዎቹ ዝርዝር ወደ አማርኛ ተተርጉሞ በድምፅ ባለሙያው ጠረጴዛ ላይ ተለጥፏል።