በፈረንሳይ ኮረብታዎች ጸጥ ያለ የብስክሌት መንገድ አመራረጥ

በሴቬንም ሆነ በኦቨርኝ መኪና የማይበዛበትን መንገድ ለመለየት የወረቀት ካርታ ከስልክ ይሻላል። በሚሽለን ካርታ ቀዩ መስመር ዋና መንገድ፣ ቢጫው መለስተኛ፣ ነጩ ትንሹ የገጠር መንገድ ነው። ነጩን ያዙ። መስመሩ ላይ ያሉት ቀስቶች ዳገቱ ወዴት እንደሆነ ያሳያሉ፦ አንድ ቀስት ከ5 እስከ 9 በመቶ፣ ሁለት ከ9 እስከ 13፣ ሦስት ከዚያ በላይ። ወንዝ ተከትሎ የሚሄደው መንገድ ለእግር ይቀላል፤ ችግሩ መኪናውም እሱኑ መምረጡ ነው። ከሸለቆው ወጥቶ በተራራው ወገብ የሚዞረውን ፈልጉ።

ርቀት ብቻ አትቁጠሩ። 1,200 ሜትር አቀበት ያለው 60 ኪሎ ሜትር መካከለኛ ብስክሌተኛን አራት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ፊት 34፣ ኋላ 32 ጥርስ ያለው ማርሽ ጉልበት ያተርፋል፤ 28 ሚሊ ሜትር ጎማ ሻካራውን አስፋልት ይችለዋል።

«ግራቪዮን» የሚል ምልክት ካያችሁ ተጠንቀቁ፤ መንገድ ሲታደስ በትኩስ ሬንጅ ላይ የተበተነ ልቅ ጠጠር ነው። ኩርባ ላይ ፍሬን ከያዛችሁ ጎማው ይከዳችኋል፤ ፍጥነቱን ቀድማችሁ፣ ብስክሌቱ ገና ቀጥ ብሎ ሳለ ቀንሱ።

በየመንደሩ ቧንቧ ላይ «ኖን ፖታብል» ከተጻፈ ውሃው አይጠጣም። ዳቦውን ጠዋት ግዙ፤ የገጠር ሱቆች እኩለ ቀን ላይ ይዘጋሉ፣ ሰኞ ጭራሽ የማይከፍቱም ሞልተዋል። በአውሮፓ የበረዶ ወራትና በጸደይ መጀመሪያ ከፍ ያለ ኮል (የተራራ ማለፊያ) ከመውጣታችሁ በፊት ግርጌው ላይ ያለውን ሰሌዳ አንብቡ፦ «ፌርሜ» ካለ ማለፊያው ዝግ ነው።